ታህቱ ውስጥ ማን አለ?

በአሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጆች የተማሪ መረጃ የምናጠናቅር ባለሙያዎች በየዓመቱ አንድ ጥያቄ አይቀርልንም፤ ከገቡት ስንቱ ተመረቀ? ላዕሉን፣ የተመራቂዎቹን ብዛት፣ ሬጅስትራሩ ይሰጠናል። ራስ የሚያዞረው ታህቱ፣ የገቡት ብዛት፣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ ኮሌጆች ስንት ተማሪ እንደሚያስመርቁ በይፋ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። አይፔድስ በሚባለው የፌዴራል መዝገብ ታህቱ የሚሠራው በፎል ሴሚስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ ገብተው በሙሉ ጊዜ፣ ማለትም በ12 ክሬዲትና ከዚያ በላይ፣ ከተመዘገቡ ተማሪዎች ነው። ከቡድኑ የሚያስወጡት ሞት፣ ዘላቂ የአካል ጉዳት፣ ውትድርና፣ የመንግሥት የውጭ እርዳታ አገልግሎትና የቤተ እምነት ተልእኮ ብቻ ናቸው። የቤት ኪራይ ያሰናከለው ተማሪ እዚያው ይቆያል። ለሁለት ዓመት ዲግሪ የሚጠበቀው 3 ዓመት፣ ለአራት ዓመቱ 6 ዓመት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ማታ ኡበር እየነዳ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ የሚወስድ ወገናችን በዚህ ስሌት የለም። ቢመረቅም ላዕሉ ውስጥ አይገባም፤ መጀመሪያውኑ ታህቱ ውስጥ አልነበረምና።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የትራንስፈር ጉዳይ ነው። አንዲት ልጅ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምራ፣ አሶሺዬት ዲግሪዋን ሳትወስድ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ፣ ባችለሯን ያዘች እንበል። ለመጀመሪያው ኮሌጅ ተመራቂ አይደለችም፤ የተዛወረች ብቻ ናት። ለዩኒቨርሲቲውም አዲስ ገቢ ስላልነበረች በምረቃ ምጣኔው አትቆጠርም። ዲግሪዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁለቱም ምጣኔዎች አያውቋትም!

የት እንደገባች የምናጣራው በአብዛኛው ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሃውስ በሚባል ድርጅት በኩል ነው። ማመሳከሪያው ስምና የትውልድ ቀን ነው፤ የእኛ አገር ልጆች ደግሞ አንዱ ጋ በአባት፣ ሌላው ጋ በአያት ስም ይመዘገባሉ። «አልተገኘም» የሚል መልስ ሲመጣ «አቋረጠ» ብሎ ከመጻፍ በፊት ስሙን ገልብጦ፣ ፊደሉን ለውጦ እንደገና መፈለግ ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ሙያው እዚህ ላይ ነው።

አንዳንድ ኮሌጆች ተመራቂውንና ተዛዋሪውን ደምረው «የስኬት ምጣኔ» ይሉታል። እኔ አልወደውም። ትራንስፈር መሄድን እንጂ መድረስን አያሳይም፤ ተዛውሮ በአንድ ሴሚስተር የተወም እዚያው ይቆጠራል። ሁለቱን ለየብቻ መጻፍ፣ ቀጥሎም ከተዛወሩት ስንቱ ባችለር እንደያዘ ማስከተል ይሻላል። አለቆች አንድ ትልቅ ቁጥር ስለሚወዱ ክርክሩ አያልቅም።

እ.ኤ.አ. ከ2015–16 የሪፖርት ዓመት ጀምሮ አይፔድስ ላይ የተጨመረው ሌላ ዳሰሳ ብዙ አቅንቷል። ከሙሉ ጊዜ በታች የሚማሩትንና ከሌላ ኮሌጅ የመጡትን ጨምሮ እስከ 8 ዓመት ይከታተላል። የሚጠቅሰው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ልጃችሁን ኮሌጅ ልታስገቡ ከሆነ፣ ወይም ራሳችሁ እየሠራችሁ ልትማሩ ካሰባችሁ፣ ኮሌጅ ናቪጌተር በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የስምንት ዓመቱን ውጤት ፈልጉ። ዲግሪ ሳትይዙ ከመዛወራችሁ በፊትም አሶሺዬቱ ስንት ክሬዲት እንደቀረው አማካሪያችሁን ጠይቁ።