የሦስት ጊታሮች ልጅ

እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ኤሪክ ክላፕተን በ1970 እ.ኤ.አ. ናሽቪል ከተማ ሾ በድ ከሚባል የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ስድስት ያገለገሉ ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታሮችን በርካሽ ገዛ። ከሙዚቀኛ ጓደኞቹ አንዱን ለጆርጅ ሃሪሰን፣ አንዱን ለፒት ታውንሼንድ፣ አንዱን ለስቲቭ ዊንውድ ሰጠ። የቀሩትን ሦስቱን ፈታታቸውና ከየአንዳንዳቸው የወደደውን ክፍል መርጦ አንድ ጊታር አቆመ። በጥቁር ቀለሙ «ብላኪ» የተባለው ይህ ጊታር አካሉ የ1956፣ አንገቱ የ1957 ሥራ ነው።

የአሮጌ ጊታር ሰብሳቢዎች ቅይጥ አይወዱም። እነሱ ዘንድ የሚከበረው ከፋብሪካ እንደወጣ ብሎኑ እንኳ ያልተነካው ነው። የስትራቶካስተርን አሠራር ቀርቦ ያየ ግን ጊታሩ ከመጀመሪያውም እንዲፈታ ሆኖ መሠራቱን ይረዳል። የቀድሞዎቹ ጊታር ሠሪዎች በአብዛኛው አንገቱን ከአካሉ ጋር በሙጫ ያጣብቁ ነበር፤ አንገቱ ከተበላሸ ጥገናው ብዙ ልፋትና ወጪ ይጠይቃል። ካሊፎርኒያ ፉለርተን ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር፤ የተበላሸ ዕቃ ፈቶ መግጠም ግን ሙያው ነበር። ስለዚህ አንገቱን በአንድ የብረት ሳህንና በአራት ብሎን አሰረው። በ1954 የወጣው ስትራቶካስተርም በዚሁ መንገድ ተሠራ።

እነዚያን አራት ብሎኖች የፈታ ሰው የጊታሩን የትውልድ ሐረግ ያነባል። ከአካሉ ተሸሽጎ በሚቀመጠው የአንገቱ ጫፍ ላይ ወርና ዓመት በእርሳስ ተጽፎ ይገኛል። በአንዳንዶቹ ላይ «ቲ ጂ» የሚሉ ፊደሎች አሉ፤ የታዴዮ ጎሜዝ፣ አንገቱን የቀረጸው የፋብሪካው ሠራተኛ ስም መነሻ ናቸው። የድምፅ ማስተካከያዎቹ ጀርባ ላይ የታተመው ቁጥር አምራቹን፣ ዓመቱንና ሳምንቱን ይናገራል። እንጨቱም ይመሰክራል፦ ፌንደር እስከ 1956 አጋማሽ አካሉን በአብዛኛው ከአሽ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ አልደር ዞረ። በብረት ሳህኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ግን ብቻውን አይታመንም፤ ሳህኑም እንደ ሌላው ክፍል ተፈትቶ ሌላ ጊታር ላይ ሊታሰር ይችላል።

ክፍሎቹ በልክ አንድ ናቸው፤ የዚያ ዘመን ስትራቶካስተር አንገት የሌላው አካል ላይ ይገጥማል። በጠባይ ግን አይመሳሰሉም። አንገቱን የመጨረሻ ቅርጽ የሚያሲዘው ሠራተኛ እንጨቱን በሚሽከረከር መሞረጃ ላይ እየያዘ በእጁ ስሜት ነበር የሚያለሰልሰው፤ አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ሾጠጥ ያለ ይሆናል። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ፒክአፕ ላይም ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ዙር ይጠመጠማል። በ1956 የተቀጠረችው አቢጌል ኢባራን የመሰሉ ሴቶች ማሽኑ ሲሽከረከር ሽቦውን በጣታቸው ይመሩት ነበር። ጣት እንደ ማሽን ስላልሆነ ዙሩም ጥብቀቱም ይለያያል፤ ከአንድ ጠረጴዛ የወጡ ሁለት ፒክአፖች ድምፃቸው የሚለያየውም ለዚህ ነው።

የክላፕተን ምርጫ ትርጉም ያገኘው በዚህ ልዩነት ነው። ሦስቱ ጊታሮች ፍጹም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ የሚመረጥ ነገር ባልኖረ። የብላኪ አንገት ጀርባው እንደ ጀልባ ወለል መሐሉ ሾጠጥ ያለ ነው፤ አውራ ጣቱን ከላይ አሻግሮ ለሚጫወት ሰው መዳፍ ይስማማል። ክላፕተን ከ1973ቱ የለንደን ሬይንቦው ኮንሰርት ጀምሮ እስከ 1985 ድረስ ከእጁ አልለየውም። ክሮቹ በሚታሰሩበት ጭንቅላቱ ላይ ሲጋራ እየሰካ ስለሚጫወት እንጨቱ ተቃጥሏል። አንገቱም ከአጠቃቀም ብዛት አልቆ ለመጫወት ሲያስቸግር ጊታሩ ጡረታ ወጣ።

በሰኔ 2004 ኒው ዮርክ ውስጥ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ብላኪን ለጨረታ አቀረበ። ቅይጥነቱ አልተደበቀም፤ በግልጽ ተጽፎ ነበር። 959,500 ዶላር ወጣለት፤ ገንዘቡም ክላፕተን አንቲጓ ውስጥ ላቋቋመው ክሮስሮድስ የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ዋለ። በ2006 ፌንደር ጭረቱንና የሲጋራ ቃጠሎውን ሳይቀር አስመስሎ 275 ቅጂዎች ሠራ። ቅጂዎቹ የእውነተኛ ባለሙያ ሥራ ናቸው፤ ያለቀውን ቅርጽ በልኩ ይደግማሉ። ሦስት ጊታር ፈቶ እያዳመጡ የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደሚስማማ መለየት ግን ሌላ ሙያ ነው፤ የጊታር ዋጋ ሲተመን እሱም ከሠሪው እጅ እኩል ሊቆጠር ይገባል።