የማያውቁትን ቋንቋ የሰሙ ምስክሮች

ኤድጋር አለን ፖ «የሞርግ ጎዳና ግድያዎች»ን በ1841 (እ.ኤ.አ.) በፊላደልፊያው የግራሃም መጽሔት ላይ ሲያወጣ ታሪኩ የሚካሄድባትን ፓሪስን ረግጧት አያውቅም። የጎዳናው ስም ራሱ የፈጠራ ነው። ይሁንና የመርማሪ ልቦለድ ፈር ቀዳጅ የሚባለው ይህ አጭር ልቦለድ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው በጉርብትና የሚኖርበት ከተማ ወንጀልን በማን ላይ እንደሚያላክክ በማሳየት ረገድ ዛሬም ያስደንቃል።

ወይዘሮ ሌስፓናዬና ልጇ ካሚል አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው በሌሊት ይገደላሉ። የልጅቱ አስከሬን ጭስ መውጫው ውስጥ ቁልቁል ተወትፎ፣ የእናትየው ደግሞ አንገቷ ተቀልቶ ጓሮ ወድቆ ይገኛል። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ ከባንክ የወጣው 4000 ፍራንክ ወርቅም ከሞላ ጎደል አልተነካም። ፖሊስ ገንዘቡን ያደረሰውን የባንክ ጸሐፊ ሲያስር፣ ዱፓን የተባለው የደኸየ ባላባት ስሙ ካልተገለጸ ተራኪ ወዳጁ ጋር ምርመራውን ይጀምራል።

የሥራው ልቀት የምስክሮቹ ቃል ላይ ነው። ፖ ትረካውን ገታ አድርጎ ደረቅ የጋዜጣ ዘገባ ያቀርብልናል፤ ስለዚህ አንባቢ ማስረጃውን ከዱፓን እኩል ይይዛል። ከክፍሉ ሁለት ድምፅ ተሰምቷል። ጎርናናው የፈረንሳዊ እንደሆነ ሁሉም ይስማማል። በቀጭኑ ድምፅ ግን አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ፈረንሳዊው ፖሊስ ስፓኒሽ መሰለኝ ይላል፤ አንጥረኛው ጣልያንኛ፤ ፈረንሳይኛ የማይችለው የአምስተርዳም ሰው ፈረንሳይኛ፤ እንግሊዛዊው ልብስ ሰፊ ጀርመንኛ፤ ስፔናዊው እንግሊዝኛ፤ ጣልያናዊው ሩሲያኛ። ማንም የገዛ ቋንቋውን አይጠራም፤ እያንዳንዱ የሚጠራው የማያውቀውን ነው። አንድም ምስክር አልዋሸም፤ ሆኖም ሁሉም ጩኸቱን ለባዕድ ሰጡት። ይህ ዘገባ ብልህ ንግር ነው። የምስጢሩ ፍቺ ተደጋግሞ ፊታችን ይቀመጣል፤ እኛም እንደ ምስክሮቹ አልፈነው እንሄዳለን።

እንከኖችም አሉት። ስለ ቼዝ፣ ዳማና ካርታ የሚያትተው መግቢያ ሴራው ሳይነሳ ያደክማል። ከዚያ የሚብሰው የሁለቱ ሴቶች ዕጣ ነው፤ ገጸ ባሕርያት የመሆን ዕድል አያገኙም። የምናውቀው ቁስላቸውን ነው። ምስጢሩ ሲፈታ የባንክ ጸሐፊው ይለቀቃል፣ ገዳይ ሆኖ የሚገኘው እንስሳ ለእጽዋትና እንስሳት ማቆያ ይሸጣል፣ ለሟቾቹ ግን አንድ የሐዘን ቃል አይወጣም። ዘውጉ ቅዝቃዜ ይፈልጋል የሚል ይኖራል። እኔ አልቀበለውም፤ ይኸው ደራሲ ከሁለት ዓመት በኋላ በ«ተናጋሪው ልብ» በጨለማ አልጋው ላይ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌን ፍርሃት በጥቂት መስመሮች አሰምቶናል። ችሎታው ነበረው።

ፍጻሜውም ከራሱ ግኝት ጋር ይጋጫል። ገዳዩ አንድ መርከበኛ ከቦርኒዮ ያመጣው ኦራንጉታን ሆኖ ይገኛል። መርከበኛው ጢሙን ሲላጭ ያየው እንስሳ በምላጭ ሊመስለው የሚሞክርበት ትዕይንት በእርግጥ አስፈሪ ነው። ነገር ግን የከተማይቱን ሰዎች ወደ ባዕድ የመጠቆም ልማድ በዚያ ጥራት ያጋለጠው ፖ፣ ጥፋተኛውን ከባሕር ማዶ ሲያስመጣ ጥርጣሬያቸውን በከፊል ትክክል አደረገው። ስለዚህ ከዱፓን የተራቀቀ ማብራሪያ ይልቅ የጋዜጣውን ዘገባ አስበልጣለሁ፤ ወንጀልን በአጭር ልቦለድ ለሚጽፍ ሰው ደጋግሞ ሊያነበው የሚገባው ክፍል እሱ ነው።