«ግራ ቀኝህን አይተህ ተሻገር» ስለሚባለው ምክር

ወጣቶች ሆይ፥ ፊደል ቈጥረን ሳንጨርስ ከምንሰማቸው ምክሮች አንዱ «ግራ ቀኝህን አይተህ ተሻገር» የሚለው ነው። አጭር ነው፤ እውነት ነው፤ ሕፃን እንኳ ይይዘዋል። ልነቅፈው የተነሣሁትም ሐሰት ሆኖ ሳይሆን ብቻውን ስለ ተተወ ነው። እግረኛው «ተሻገር» ተብሎ በአንተ ይታዘዛል፤ ነጂው ግን ብዙ ጊዜ «እባክዎ ፍጥነትዎን ይቀንሱ» ተብሎ በእርስዎ ይለመናል። ሰው መሪ በጨበጠ ጊዜ ማዕርግ የሚጨመርለት ለምንድን ነው? ከጋቢና በወረደ ጊዜ እርሱም እግረኛ አይደለምን?

ነገሩን በሚዛን ተፈሪ እንመልከተው። አገሩ ደን ለበስ፥ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው፤ ዝናብም በዓመቱ አብዛኛው ወራት አይለየውም። በገበያ ቀን በአንዱ አስፋልት ላይ ሙዝ የተሸከመች ሴት፥ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ፥ ባጃጅ፥ ሦስት ሰው ያፈናጠጠ ሞተር ብስክሌት፥ ወደ ጂማ የሚወጣ ኢሱዙ ይገናኛሉ። የቡና ለቀማ የደረሰ እንደ ሆነ ደግሞ ጭነቱም ችኰላውም ይበዛል። ሸክም ያጐበጣት ሴት ግራ ቀኟን እንድታይ መምከር ቀላል ነው፤ አንገቷን ማዞር መቻሏን ግን ማን ጠየቀ? በጭጋግ ጊዜ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን መኪናስ በየትኛው ዓይኗ ታየዋለች?

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ያልፋል። ነጂው ሰው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ይህችው ሴኮንድ ታልቃለች። በ30 ቢነዳ የሚያልፈው 8 ሜትር ያህል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ መኪናው የሚሸከመው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ አስፋልቱ ከረጠበ ደግሞ ለማቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል። ይህን ስሌት ለነጂው በግልጥ መንገር ሲገባ ሸክሙን ሁሉ በሕፃኑ ዓይን ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 በመንገድ አደጋ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከሟቾቹም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፥ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው።

ነጂዎች ደግሞ የሚመልሱት አላቸው። ድንገት ዘሎ የሚገባ አለ፤ ከብት አሰልፎ መንገዱን የሚዘጋ አለ፤ አስፋልቱን አውድማ አድርጎ እህል የሚያሰጣ አለ። እውነት ነው። ነገር ግን እግረኛው ሲሳሳት የሚሰብረው አብዛኛውን ጊዜ የራሱን አጥንት ነው።

«ግራህን ይዘህ ሂድ» የሚለው ምክር ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ምክንያቱ ግን አብሮ አይነገርም። በአገራችን መኪና በግራ ይነዳ ነበር፤ ወደ ቀኝ የተዛወረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ እግረኛ ግራውን የያዘ እንደ ሆነ በአጠገቡ የሚያልፈው መኪና ፊት ለፊት ይመጣለታል፤ ከኋላው አይደርስበትም። ብስክሌተኛ ግን ተሽከርካሪ ነውና በቀኝ ጠርዝ ከመኪናው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ስለዚህ ከኋላው የሚመጣውን አያይም፤ የሚቀድመው ነጂ ብስክሌተኛው ቢንገዳገድ የሚበቃውን ያህል ስፍራ ሊተውለት ይገባል። ጡሩምባ መንፋት ስፍራ መስጠት አይደለም።

ነጂውም ቢሆን ሥጋ ለባሽ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. የራሱን መኪና ሲነዳ በደረሰበት አደጋ መራመድ የማይችል ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ የልጆቹ ምክር ሳይሻር ሌላ ይጨመርበት፤ እርሱም በአንተ ይሁን፦ «ነጂ ሆይ፥ በምታየው ርቀት ውስጥ ልታቆም በምትችልበት ፍጥነት ንዳ።» ሰሌዳውም ከቁልቁለቱ አናት ላይ ይተከል፤ ከግርጌው ቢተከል ነጂው የሚያነበው ፍሬኑ ከጋለ በኋላ ነው።