“ቅባትነት” ወይስ “አለስላሽነት”?

ለአውሮፕላን ጥገና ሠልጣኞች ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የነዳጅ ጽሑፍ ገና በረቂቅነቱ ሳለ ለመመልከት ዕድል አግኝቼ ነበር። የተርጓሚው ትጋት የሚመሰገን ነው፤ “ሰው ሠራሽ የጄት ነዳጅ” የሚለው አሰያየሙም ያለ ክርክር ሊጸድቅ ይገባዋል። ችግሩ ያለው በጽሑፉ እምብርት ላይ ነው። ነዳጁ እርስ በርስ የሚፋተጉ ብረቶችን ከመበላት የሚጠብቅበትን ባሕርይ ተርጓሚው በአንድ ገጽ “ቅባትነት”፣ በሌላው “ዝልግልግነት” ብሎታል።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዝልግልግነት የፈሳሹ አልፈስም ባይነት ነው፤ ይህኛው ባሕርይ ግን ከብረቱ ገጽ ላይ ተጣብቀው ስስ ሽፋን ከሚሠሩ ጥቂት የኦክሲጅን፣ የናይትሮጅንና የድኝ ውህዶች የሚገኝ ነው። በፊሸርና ትሮፕሽ ዘዴ ከድንጋይ ከሰል ወይም ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራው ነዳጅ (በጆሐንስበርግ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተለመደው ነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ የተሠራበት ዓይነት) እነዚህ ውህዶች የሉበትም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ዝልግልግነቱ በተፈቀደው ልክ ሆኖ ሳለ፣ በራሱ በነዳጁ የሚለሰልሱትን ፓምፖች ለመበላት ሊያጋልጥ ይችላል። መለኪያውም የተለየ ነው፤ የማይዞር የብረት ኳስ፣ ከፊሉ በነዳጁ ተነክሮ በሚዞር ሲሊንደር ላይ ለ30 ደቂቃ ተጭኖ ይቆያል፤ ሰው ሠራሽ ድርሻ ባለበት ነዳጅ በኳሱ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ከ0.85 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ቃሉን ያሳተ ተርጓሚ ሠልጣኙን ወደ ሌላ መሣሪያ ይመራዋል።

“ቅባትነት”ስ? ቅባት በአማርኛ ቅቤውም፣ ዘይቱም፣ የራስ ቅባቱም ነው፤ ነገሩን እንጂ የነገሩን ግብር አይናገርም። አንባቢው ነዳጁ ቅባት የተቀላቀለበት ይመስለዋል። (እርግጥ ነው፣ ለዚህ አገልግሎት ከሚውሉት ውህዶች ዋነኛው ዲሊኖሌይክ አሲድ ሲሆን፣ መነሻው ሊኖሌይክ አሲድ በኑግ ዘይታችን ውስጥ በብዛት ይገኛል። ነገር ግን የሚጨመረው በሊትር ጥቂት ሚሊ ግራም ነው፤ ነዳጁን ቅባታም አያሰኘውም።)

“አለሰለሰ” ከሚለው ግስ “አለስላሽነት” ብንል የአድራጊው ባሕርይ በግልጽ ይታወቃል። “ማለስለሻ” ለሞተር ዘይትና ለግራሶ የወል ስም፣ “ልስላሴ”ም ለተለሰለሰው ገጽ ይቀራሉ።

“ተጨማሪ” የሚለውም አላረካኝም። “የነዳጅ ተጨማሪ” የሚለውን ያነበበ ሠልጣኝ ትርፍ ነዳጅ ማለት ነው ብሎ ቢረዳው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ከ“አከለ” የወጣው “ማከያ” ይሻላል፤ ለጆሮ እንግዳ መሆኑን ግን አልክድም። እርሱን የነዳጅ ባለሙያዎች አስቀድመው ቢፈትሹት እመርጣለሁ፤ “አለስላሽነት”ን ግን ከአሁኑ ለማጽደቅ የሚያግድ ምክንያት አይታየኝም።