ሐውልትና ምስል በአዲስ አበባ አደባባዮች

«ሐውልት» የሚለው ቃል በግዕዝ የቆመውን ዓምድ ያመለክታል፤ በአማርኛ ግን የድንጋይ ዓምድም፣ የመቃብር ምልክትም፣ በሰው አምሳል የተቀረጸ የነሐስ ሥራም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የአዲስ አበባን የአደባባይ ሐውልቶች ለመመዘን ይህ የቃሉ ስፋት ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ ጥንታዊው የዓምድ ልማድና ከአውሮፓ የመጣው የምስል ልማድ በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ቆመዋልና።

በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የምስሉ ልማድ አብነት ነው። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ስለ ቆመ ግርማው ከሩቅ ለሚመጣ መንገደኛ ወዲያው ይገለጣል፤ ቀርቦ ለሚመለከተው ግን የሚጨምርለት ጥቂት ነው። ፋሺስቶች ነቅለው መቅበራቸው፣ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ወደ ቦታው መመለሱ፣ የዓድዋም በዓል በሥሩ መከበሩ ክብሩን አብዝቶለታል። ይህ ክብር ግን ከታሪኩ እንጂ ከቅርጹ የተገኘ አይደለም።

የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት በሌላ መንገድ ይሄዳል። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ለተጨፈጨፉት መታሰቢያ የቆመ፣ 28 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ዓምድ ነው። የነሐስ ቅርጾቹ የዩጎዝላቪያውያኑ የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ሥራ ስለሆኑ ባዕድ ነው የሚል ነቀፌታ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን በመቃብር ላይ ዓምድ ማቆም ከአክሱም ጀምሮ የታወቀ ልማድ ነው፤ በግርጌው ዙሪያ የተደረደሩት ቅርጾችም እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል እየተዞረ የሚነበቡ ናቸው። በእነርሱ ውስጥ የሚጎላው የወደቀውና የሚያለቅሰው ሕዝብ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የተለየ መቃብር ስላላገኙ፣ ሐውልቱ ለቤተ ዘመዶቻቸው በመቃብር ፈንታ ቆሟል።

ጉድለቱ ከአቀማመጡ ይመጣል። ዓምዱ ከሩቅ ይታያል፤ ቅርጾቹ ግን ቀስ ብሎ በእግሩ የሚዞር ተመልካች ይሻሉ። ዙሪያው የተሽከርካሪ መዞሪያ በመሆኑ አላፊው ዓምዱን አይቶ ሰዎቹን ሳያይ ያልፋል። እንግዲህ ሐውልቱን መጠበቅ ማለት ድንጋዩን ማጽዳት ብቻ አይደለም፤ እግረኛው ወደ ሙታኑ የሚደርስበትን መንገድ መክፈትም ጭምር ነው።