የወራሹ ዕዳ፦ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የባለመሬት ውርስ ምን ያህል ያስወጣ ነበር?

በ1205 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኒኮላስ ደ ስቱትቪል የተባለ የሰሜን እንግሊዝ ባላባት የቤተሰቡን መሬት ለመረከብ ለንጉሥ ጆን 10,000 ማርክ ሊከፍል ተስማማ። ማርክ የሒሳብ መለኪያ እንጂ የሚጨበጥ ገንዘብ አልነበረም፤ ዋጋው የአንድ ፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነው። ዕዳው እንግዲህ ከ6,666 ፓውንድ ይበልጣል። የታሪክ ጸሐፊዎች የዘመኑን ባሮን (ከፍተኛ ባላባት) አማካይ ዓመታዊ ገቢ ወደ 200 ፓውንድ ይገምቱታል። በዚህ ስሌት አንድ ባሮን ሳይበላና ሳይለብስ ቢከፍል እንኳ ከ33 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ንጉሡ ይህን አላጣውም። ኔርስቦሮና ባራብሪጅ የተባሉ ይዞታዎችን በመያዣነት አስቀርቶ ሰውየውን በዕዳው አሰረው። በእኔ ንባብ ጆን ከገንዘቡ ይልቅ የፈለገው ዕዳውን ነበር፤ ባለዕዳ ባላባት አያምፅማ። ቢያንስ ስሌቱ እንዲያ ይል ነበር።

ክፍያው ከየት መጣ? ባላባቱ መሬቱን የያዘው ከንጉሡ ነው፤ ሲሞት ይዞታው ወደ ንጉሡ እጅ ይመለሳል፣ ወራሹም የታማኝነት ቃል ገብቶና ከፍሎ ይረከባል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የተጻፈውና ግላንቪል በሚል ስም የሚታወቀው የሕግ ድርሳን ለአንድ የፈረሰኛ ይዞታ 100 ሺሊንግ ይቆርጣል። ለባሮኖች ግን ቁርጥ ተመን አላስቀመጠም፤ ለንጉሡ ፈቃድ ተወው። በዚህ ክፍተት ነው የስቱትቪል 10,000 ማርክ የገባው። ማግና ካርታ የተባለው የ1215ቱ የመብት ሰነድ ክፍተቱን በ100 ፓውንድ ዘጋው፤ በ1297 ደግሞ የባሮኑ ክፍያ ወደ 100 ማርክ ወረደ።

የመማሪያ መጻሕፍት ታሪኩን እዚህ ላይ በድል ይቋጩታል። ለእኔ ግን የማግና ካርታ ሦስተኛ አንቀጽ ሌላ ነገር ይነግረኛል። አባቱ ሲሞት ለአካለ መጠን ያልደረሰና በሞግዚት ሥር ያደገ ወራሽ፣ ዕድሜው ሲደርስ መሬቱን ያለ ክፍያ ይረከባል ይላል። ደግነት ይመስላል። ይሁንና ሞግዚቱ ጌታው ራሱ ወይም ሞግዚትነቱን ከጌታው የገዛ ሰው ነው፤ የመሬቱን ገቢ ይሰበስባል፣ የልጁን ጋብቻም ይሸጣል። ባሮኑ የ5 ዓመት ልጅ ትቶ ቢሞት፣ ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው 16 ዓመት አለ። 200 ፓውንድ በ16 ሲባዛ 3,200 ይሆናል። ለመበለቲቱ በድርሻ የሚደርሳትን አንድ ሦስተኛ ብንቀንስ እንኳ ከ2,100 ፓውንድ በላይ ይቀራል፤ ከዚያ ላይ የልጁ ቀለብ ይወጣል። ከ100 ፓውንዱ ተመን ጋር የሚወዳደር አይደለም! አራተኛው አንቀጽ ሞግዚቱ መሬቱን እንዳያራቁት ይከለክላል እንጂ ለወራሹ ሒሳብ እንዲያስረክብ አያስገድድም። በ1267 የወጣ ሕግ ሒሳብ እንዲያቀርቡ ያስገደደው ከወታደራዊ ግዳጅ ነፃ የሆነ መሬት ሞግዚቶችን ነው፤ የባላባቶቹ ልጆች ጉዳይ እንዳለ ቀረ። ማግና ካርታ የገደበው የክፍያውን ቁጥር እንጂ በሞትና በርክክብ መካከል ያለውን ጊዜ አይደለም፤ ትልቁ ወጪ ግን ጊዜው ነበር።

ጊዜውን የሚያረዝመው ደግሞ አሠራሩ ነው። ከንጉሡ በቀጥታ መሬት የያዘ ሰው ሲሞት ደብዳቤ ይወጣል፣ ኤስቺተር የሚባለው የንጉሡ ሹም መሬቱን ይይዛል፣ የአካባቢው ሰዎች ተሰብስበው በመሐላ ይጠየቃሉ፦ ሟቹ ምን ያህል መሬት ነበረው? በዓመት ምን ያወጣል? ወራሹ ማነው? ዕድሜውስ? መልሳቸው በተጻፈባቸው መዝገቦች የሰፈረው ግምት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ገቢ ያንሳል፤ ሰው በጎረቤቱ ላይ ግብር አይጨምርም። የልደት መዝገብ ስላልነበረ የወራሹ ዕድሜም በምስክር ይረጋገጣል። አንዱ ወራሹ በተወለደበት ቀን የራሱ ልጅ መጠመቁን፣ ሌላው እግሩ መሰበሩን ያነሣል። ተመሳሳይ ትዝታ በተለያዩ መዝገቦች ደጋግሞ ስለሚመጣ፣ ጸሐፊዎቹ ከተዘጋጀ ቅጽ ይገለብጡ ነበር ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ከእነዚህ መዝገቦች የገጠር ሕይወትን የሚቀዳ ተመራማሪ ይህን ልብ ቢል ይበጀዋል።

መበለቲቱስ? የኦማል ባለርስት ሐዊስ ሦስተኛ ባሏ በሞተ በ1212 ርስቷን፣ የመበለትነት ድርሻዎቿን እና ያለፈቃዷ አራተኛ ባል ያለማግባት መብትን ለማግኘት ለንጉሡ 5,000 ማርክ አቀረበች። ከሦስት ዓመት በኋላ ማግና ካርታ መበለት በግድ እንዳትዳር ደነገገ፤ ለድርሻዋ እንዳትከፍልና ድርሻዋ እስኪለይላት 40 ቀን በባሏ ቤት እንድትቆይም ፈቀደ። ለገበሬው ይህ ሁሉ አይደርሰውም፤ እሱ ሲሞት ምርጡ ከብት ለጌታው፣ በብዙ ቦታ ሁለተኛው ለቤተ ክርስቲያን ይነዳል።

ባለመሬቶቹ መፍትሔ ያገኙት ከጠበቆች ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎች መሬታቸውን በሕይወት ሳሉ ለታማኝ ወዳጆች ቡድን በስም አዛውረው በአደራ ማስያዝ ጀመሩ። አንዱ አደራ ተቀባይ ቢሞት ሌሎቹ አሉ፤ ስለዚህ በሕግ ዓይን የሞተ ባለይዞታ የለም፣ የሚከፈል የለም፣ ሞግዚትም አይገባም። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1536 ይህን በር ሊዘጋ ሞከረ፤ በ1540 ግን ለባለመሬቶቹ አመቻምቾ ከወታደራዊ ይዞታቸው ሁለት ሦስተኛውን በኑዛዜ እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። በቀሪው አንድ ሦስተኛ ላይ ዘውዱ መብቱን አስጠበቀ፤ በዚያው ዓመትም የሞግዚትነት ፍርድ ቤት አቋቋመ። ይህ ሁሉ ቀንበር ከባለመሬቶች ጫንቃ በሕግ የተነሣው በ1660 ሲሆን፣ ዘውዱ ላጣው ገቢ ማካካሻ የተሰጠው ከመሬት ግብር ሳይሆን በቢራ፣ በቡናና በሻይ ላይ ከተጣለ ቀረጥ ነበር።