ቀበሮውና መዝገቡ

ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከተነበበ በኋላ እንደ ተመጠጠ ሸንኮራ ይጣላል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ምሥጢሩ ከታወቀ ምን ቀረለት? ይላሉ። ይህ ፍርድ ለብዙዎቹ መጻሕፍት የተገባ ቢሆንም ለፍሬዴሪክ ፎርሳይት «የቀበሮው ቀን» ግን አይስማማም። የዚህ ልብ ወለድ ፍጻሜ የመጀመሪያው ገጽ ሳይገለጥ የታወቀ ነውና።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የአልጄርያን ነጻነት የተቃወመ አንድ የፈረንሳውያን ምሥጢራዊ ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ. ም. በፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል አውቶሞቢል ላይ የጥይት ናዳ አወረደ፤ ፕሬዚዳንቱ ግን ተረፉ። የሤራው መሪ ባስቲያን ቲሪ በ1963 ተረሸነ። እስከዚህ ድረስ ያለው እውነተኛ ታሪክ ነው። የደራሲው ፈጠራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይኸውም የማኅበሩ መሪዎች የፈረንሳይ ፖሊስ የማያውቀውን አንድ እንግሊዛዊ ነፍሰ ገዳይ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ይቀጥራሉ። መጠሪያው «ቀበሮው» ነው።

ደ ጎል በነፍሰ ገዳይ እጅ አልሞቱም። መጽሐፉ በ1970 መጀመሪያ ሲጻፍ በሕይወት ስለ ነበሩ አንዳንድ አሳታሚዎች፥ ፍጻሜው የታወቀ ታሪክ አንባቢን አያስጨንቅም በማለት ረቂቁን መለሱት። በ1971 ታትሞ ሲወጣ ግን የአሳታሚዎቹ ግምት ስሕተት መሆኑ ታየ። ፎርሳይት በፓሪስ ለሮይተር የሠራ ጋዜጠኛ ነበረና፥ አንባቢ የሚጨነቀው «ምን ይሆን?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «እንዴት ይሆን?» ብሎም መሆኑን ተረድቶ ነበር።

እኔ ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበብሁት በተማሪነቴ ዘመን ነው። ያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የተከተልሁት ቀበሮውን ነበር። ጠመንጃውን ሲያሠራ፥ ሐሰተኛ ወረቀት ሲያዘጋጅ፥ ድንበር ሲሻገር፥ እንዳይያዝ እሰጋለት ነበር። መጽሐፉን ስዘጋ ግን ኀፍረት ተሰማኝ፤ ለነፍሰ ገዳይ ስጨነቅለት አድሬአለሁና። በእንደዚህ ያሉ መጻሕፍት ላይ የሚቀርበው ክስ ይህ ነው፤ ቀላል ክስም አይደለም።

በ2025 የደራሲውን ዕረፍት በሰማሁ ጊዜ መጽሐፉን ደግሜ አነሣሁት። ከብዙ ዘመን የጽሕፈት ቤት ሥራ በኋላ ሳነበው ግን ሌላ ሰው አገኘሁ። እርሱም መርማሪው ክሎድ ለበል ነው። ለበል ቁመቱ ያጠረ፥ ድምፁ የለሰለሰ፥ ሚስቱ የምትቈጣው ሰው ነው። ሽጉጥ ከመምዘዝ ይልቅ መዝገብ ማገላበጥ ይቀናዋል። ለልዩ ልዩ አገሮች የፖሊስ ሹማምንት ስልክ ይደውላል፤ የሆቴል እንግዶች የሞሉአቸውን ካርዶች በየቀኑ ያስመረምራል። የስብሰባው ምሥጢር ወደ ውጭ እንደሚወጣ በጠረጠረ ጊዜም ማንን ከማን ሳይለይ የባለሥልጣኖቹን ሁሉ ስልክ ያስጠልፋል።

ቀበሮው ፓስፖርት ያገኘው በሕፃንነቱ በሞተ ልጅ ስም ነው። የልደት መዝገብ በአንድ በኩል፥ የሞት መዝገብ በሌላ በኩል ተቀምጦ ሁለቱን የሚያስተያይ አልነበረምና የሞተው ልጅ አድጎ መንገደኛ ሆነ። እንግሊዞች ይህን ዐይነት ማጭበርበር በመጽሐፉ ስም እስከ መጥራት ደርሰዋል። ተንኰሉን የገለጠው ደግሞ የፓስፖርት ማመልከቻዎችን ከሞት መዝገብ ጋር አንድ በአንድ ያመሳከረ አሰልቺ ሥራ ነው። በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ሥራውን ከንቱ የሚመስለው ጸሓፊ ይህን ምዕራፍ ቢያነብ መልካም ነው።

ጉድለቱን አለመናገር ግን ለደራሲው ማድላት ይሆናል። ፎርሳይት የመሣሪያን ብሎን ከሰው ልብ አብልጦ ያውቃል። ቀበሮው ለምን ነፍሰ ገዳይ እንደ ሆነ አይነግረንም፤ ሴቶቹም በአብዛኛው የወንዶቹ መጠቀሚያ ሆነው ያልፋሉ። «የኦዴሳ ማኅደር»ንና ከዚያ በኋላ የመጡትን መጻሕፍቱን ያነበበ ሁሉ ይህን እጅ ያውቀዋል፤ ወረቀቱ፥ መሣሪያው፥ መንገዱ ተቈጥሮ ይቀርባል፥ ነፍስ ግን ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች። በመጀመሪያው መጽሐፍ ብልኀት የነበረው በኋለኞቹ ልማድ ሆኗል።

ነገር ግን በዚህ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ደራሲው ከብሎኑ አልፎ ሰውን አይቷል። ቀበሮው ሁሉን አጥንቶ፥ ፈረንሳዮች ሽልማት ሲሰጡ ጉንጭ መሳማቸውን ሳያስብ ቀረ። ደ ጎል አረጋዊውን ወታደር ለመሳም ጐንበስ ባሉበት ቅጽበት ጥይቱ አለፈ። ለበልም የጥበቃ ሰዎችን አንድ በአንድ ሲጠይቅ ውሎ ኖሮ፥ የመጀመሪያው ጥይት ከመሳቱ ቀጥሎ ሁለተኛው ሳይተኰስ ደረሰ።

መምህራን ሆይ፥ ተማሪው ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ብታገኙት አትንጠቁት። ሲጨርስ ግን «ለማን ተጨነቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ለቀበሮው ብሎ ቢመልስ አትቈጡ፤ እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ እንዲያነበው ምከሩት።